የእንግዳው ገመድ

ይድረስ ለወንድሜ ለሳዶቅ፣ ማዛራ።

ገመዱን በመቀስ አልቆረጥኩም። ሰላምታዬ ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ውሸት መንገድ ላይ ተጋድሞ ሳለ ሰላምታ በደህና አይደርስም። ካፒቴን ቤሺር ከቀሊቢያ ደውሎ፣ «እህትህ ቤያ አርጅታ አእምሮዋን ስታለች፤ ፋብሪካ ገብታ የማሽን ገመድ በመቀስ ቆርጣ ሥራ አስቆመች፤ ልጅህም በእሷ ጦስ ልትባረር ነው» እንዳለህ ሰምቻለሁ። ከዚህ ሁሉ እውነቱ መቀሱ ብቻ ነው። በመቀሱ የቆረጥኩት ገመዱን ከብረቱ ጋር አስሮ የያዘውን የላስቲክ ማሰሪያ ነው። ገመዱን የነቀልኩት በጣቴ፣ የጫፉን መያዣ ምላስ ጫን ብዬ፣ እንደ ደንቡ ነው። ያን ጊዜም ሥራው አስቀድሞ ቆሞ ነበር። ማርጀቴ እውነት ነው፤ እሱን ቤሺር ባይነግርህም ታውቀዋለህ።

አሁን እንግዲህ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው፣ ደረጃ ትወጣበታለህ ወይስ አሁንም ግድግዳ ትደገፋለህ? ሳልህስ? ባለቤትህ ናዚሃ ስኳሯን ትለካለች ወይስ እንደ ልማዷ መለኪያውን ለጎረቤት አውሳ ራሷ ትረሳለች? ልጅህ ያሲን መርከቡን ትቶ የብስ ላይ ሥራ አገኘ? ሚስቱ ሮዛሊያስ፣ ትንሿስ ጥርስ አበቀለች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አንዱ ዓይኔ ደክሟል፤ ሌላው ለሁለት ይሠራል። ጣሪያው አስተካክለን ካስደፈንነው ወዲህ አላፈሰሰም፤ በእርግጥ ዝናብም አልዘነበም።

በእጄ ያደገችውን ልጅህን ደለንዳን ግን ደህና ናት ብዬ አልጽፍልህም። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው አፍ እየተቆራረሰ ከሚደርስህ እኔ ሙሉውን ብጽፍልህ ይሻላል።

የቲማቲሙ ወቅት ከገባ ወዲህ፣ እሷ የጥገና ኃላፊ በሆነችበት የቲማቲም ድልህ ፋብሪካ፣ ድልሁን በቆርቆሮ የሚሞላው መስመር ያለ ምክንያት ይቆም ጀመር። «ያለ ምክንያት» የእነሱ ቃል ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ያለ ምክንያት የሚቆም ማሽን በዕድሜዬ አላየሁም፤ ምክንያቱን የሚፈልግለት ሰው ያጣ ማሽን ግን ብዙ አይቻለሁ። መስመሩ አንዴ ሲቆም ድልሁ ቧንቧው ውስጥ ያርራል፤ እሱን ጠርጎ እንደገና ለማስነሳት ግማሽ ቀን ይሄዳል። ውጭ ደግሞ የገበሬዎቹ መኪኖች እስከ መካነ መቃብሩ መታጠፊያ ድረስ ተሰልፈው በፀሐይ ይቀቀላሉ፤ የቲማቲሙ ውኃ ከሥራቸው እየተንጠባጠበ አስፋልቱን ያቀላዋል። አንዱ ገበሬ ደለንዳን በር ላይ አግኝቶ፣ «እመቤት ኢንጂነር፣ የእኔ ቲማቲም እዚሁ መኪናው ላይ ወጥ ሆኗል፤ ማሽኑን ይተዉትና ዳቦ ያምጡ፣ እንብላው» አላት። «ዳቦውን አንተ አምጣ፤ ጨው ከእኔ» ብላው አለፈች። ማታ ግን ያቀረብኩላትን ኩስኩስ አልነካችውም።

ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። ገመዶቹን ለወጠች። ማራገቢያዎቹን አጸዳች። እንፋሎቱ ይሆናል ብላ የማሽኖቹ ገመዶች የሚገናኙበትን የብረት ቁም ሳጥን ዙሪያውን በጎማ አስደፈነች። ቆርቆሮ ማሸጊያው ላይ የምትሠራው ሞንጂያ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብላ በቁም ሳጥኑ ውስጥ ከቆርቆሮ የተሠራ የእጅ ምስልና የደረቀ የዓሣ ጅራት ሰቅላ ነበር። እኔ ዓይን የለም አልልም። ነገር ግን ኋላ ፋብሪካው ስገባ ከሶኬት በላይ ብረት አይሰቀልም ብዬ እጁን አወረድኩት፤ የዓሣውን ጅራት ተውኩላት።

ሥራ አስኪያጁ፣ ሁሉም በአክብሮት «ሲ ሎትፊ» የሚለው፣ ግን ሌላ አደረገ። የፋብሪካውን ትልቁን ድርሻ ለያዙት ባሕር ማዶ ላሉት ባለቤቶች፣ የመስመሩ መቆም የመጣው ከጥገና ክፍሉ ድክመት ነው ብሎ ጻፈላቸው። የጥገና ክፍሉ ማለት ልጅህ ማለት ነው። እነሱም፣ መስመሩ በዚህ ከቀጠለ ነቅለን ሌላ አገር እንወስደዋለን ብለው መለሱ። እንግዲህ የደለንዳ ስምና የዚያ ሁሉ ሠራተኛ እንጀራ በአንድ ክር ተንጠለጠሉ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ወደ እኔ የመጣችው። «አክስቴ፣ አንቺ ስልክ ቤት ሳለሽ መስመር ስታዳምጪ አልነበር? ነይና የእኔን አዳምጪልኝ» አለችኝ። ስልክ ቤት በሠራሁበት ዘመንም ሆነ ኋላ ናቡል ቴክኒክ ትምህርት ቤት ባስተማርኩበት ዘመን ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ገመዱ ቢቀጥንም ነገሩ አልተለወጠም። በልጅነቴ ያስተማሩኝን መነኩሲት ታስታውሳቸዋለህ፤ መሣሪያ ከመንካታችን በፊት ጥያቄያችንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስጽፉን ነበር። ጥያቄሽ ካልጠራ መልሱ ፊትሽ ቢቆምም አታውቂውም ይሉን ነበር። እኔም ደለንዳን ወረቀት አስመጥቼ ጻፍኩ፤ «መስመሩ ሊቆም ሲል የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው?»

ነገሩን በባሕር ቋንቋ ላስረዳህ። መሙያው፣ ማሸጊያው፣ መቀቀያውና መለያ ለጣፊው ሁሉም በገመድ ከአንድ አዛዥ ኮምፒውተር ጋር ተያይዘዋል። አዛዡ፣ በጭጋግ ውስጥ ጀልባዎቹን እንደሚጠራ ካፒቴን፣ ዓይን ከሚርገበገብበት ፍጥነት በላይ «አለሽ?» እያለ አንድ በአንድ ይጠራቸዋል። እነሱም «አለሁ» ይላሉ። አንዷ ሦስት ጥሪ በተከታታይ ካልመለሰች እንደጠፋች ይቆጥራታል፤ የሰው እጅ እንዳይያዝም ሁሉንም ያቆማል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ መቆሙን መውቀስ ከንቱ ነው። መጠየቅ ያለበት «አለሁ» እንዳትል አፏን የያዘው ማን ነው የሚለው ነው።

መስመሩ ቆሞ ሳለ፣ በመሙያው ገመድ መሃል የሚያልፈውን ቃል ሁሉ ግልባጭ የሚሰጥ ትንሽ ማዳመጫ አስገባንና ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኘሁት። አዳማጭ አይናገርም፤ የሚናገር አዳማጭ እሱ ራሱ ጥፋት ይሆናል። የቲማቲም ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥኩና አዳመጥኩ። መጀመሪያ ጥሪና መልስ፣ ጥሪና መልስ ብቻ ነበር፤ እንደ ጤነኛ ሰው ትንፋሽ። ከዚያ ሦስተኛ ድምፅ ገባ። አድራሻው ደለንዳ የገመዶቹን ግንኙነት በሣለችበት ካርታ ላይ የለም። መሙያዋን ያለ ዕረፍት ይጠይቃታል፤ ስምሽ ማን ነው፣ መቼ ተሠራሽ፣ መለያ ቁጥርሽ ስንት ነው፣ ስንት ሰዓት ሠርተሻል፣ የትኛው ዕቃሽ ተለውጧል። ማዳመጫውን ወደ ማሸጊያው አዛወርነው፤ እዚያም ያው ጥያቄ ነው። ሌሎቹ ማሽኖች ልጆች ስለሆኑ ለሁለቱም ቶሎ ይመልሳሉ። መሙያዋ ግን ከሁሉ ታላቅ ናት፤ ለእንግዳው ስትመልስ አዛዡን ሳትሰማው ትቀራለች። ወሬኛ ጎረቤት በር ላይ ይዛት ወጧ እንዳረረባት ሴት ሆነች ማለት ነው።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ገመዱን በእጃችን እየዳሰስን ተከተልን። ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ገመዶቹ ሁሉ በሚገናኙበት መከፋፈያ፣ ከአዛዡ ጎን፣ በመጀመሪያው ሶኬት ላይ ደረስን። ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን አለ፤ በነጭ ማሰሪያ በሥርዓት ታስሯል። ደለንዳ አየችው፤ አወቀችው። ከዚያ ነገረችኝ።

በጸደይ ከባለቤቶቹ ዘንድ አንድ እንግዳ መጥቶ ነበር። ማሽኖቹ ምን ያህል መብራት እንደሚበሉ የሚለካ ሳጥን ላስቀምጥ አለ። ደለንዳ ከማሽኖቹ ኔትወርክ በተለየው በቢሮው ኔትወርክ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ቦታ አዘጋጀችለት። ትክክሉም እሱ ነበር። ሲ ሎትፊ ግን በእንግዳው ፊት አፈረ። «አንቺ ልጅ፣ እንግዳ በር ላይ ታስቀምጫለሽ? ሰዎቹ ምን ይሉናል?» ብሎ ተቆጣትና በገዛ እጁ ከአዛዡ ጎን አስቀመጠለት። መብራት ብቻ ይለካል ስለተባለ እሷም በካርታዋ ሳታስገባው ረሳችው። የእኛን ሰው ታውቃለህ፤ እንግዳ ሲመጣ አልጋችንን ለቀን መሬት እንተኛለን፤ የዓሣውን መሃል ለእሱ ሰጥተን እኛ ጭንቅላቱን እንግጣለን። ይህን አልነቅፍም፤ እናታችንም ያሳደገችን እንዲሁ ነው። ግን ሳጥን እንግዳ አይደለም። የክብር ቦታ ስትሰጠው አያፍርም፤ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል።

አንድ ሌላ ነገርም አስተዋልኩ። የመብራት ፍጆታ የሚለካ ሰው የማሽን ዕድሜ አይጠይቅም። ገበያ ውስጥ የበጉን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን የሚያይ ሰው ሣር ሊያበላው አይደለም። በዚያው ቀን ገባኝ። ለደለንዳ ግን አልነገርኳትም፤ ግምት ግኝት አይደለምና።

ሲ ሎትፊ ዘንድ ሄጄ ይህ ሳጥን ይነቀል አልኩት። «ላላ ቤያ፣ እመቤቴ፣ በአላህ ይተዉኝ፤ የሰው አደራ ነው፤ ሳልጠይቅ እንዴት ብዬ እነቅላለሁ?» አለኝ። እንግዲያው ጠይቅ አልኩት። «በኦገስት ማን ስልክ ያነሳል? ሁሉም ባሕር ዳር ዕረፍት ላይ ናቸው» አለ። በማግሥቱ መስመሩ እንደገና ቆመ። ገበሬዎቹ መኪናቸውን ትተው እስከ ፋብሪካው አዳራሽ ድረስ ገብተው ነበር። ደለንዳ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አየኋት፤ ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። ያን ጊዜ ነው መቀሴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ማሰሪያውን የቆረጥኩት፣ የሳጥኑንም ገመድ የነቀልኩት። ቤሺር የሰማው ይህን ነው።

ከዚያ በኋላ መስመሩ ያን ቀን አልቆመም፤ በማግሥቱም አልቆመም። የመስመሩ ሠራተኛ ሴቶች እልል አሉ። ዝም አሰኘኋቸው፤ ሁለት ቀን ማስረጃ አይደለም አልኳቸው። ሞንጂያ፣ «ላላ ቤያ፣ እርስዎ እኮ ሠርግ ቤት ቢሄዱም ሙሽራዋን መታወቂያ ይጠይቃሉ» አለችኝና አሳቀቻቸው። ደንቡ እኮ ገመዱን መልሶ ሰክቶ እንደገና ሲቆም ማየት ነው፤ አለዚያ ምክንያቱን አገኘሁ አይባልም። ደለንዳ ግን፣ «አክስቴ፣ እባክሽ ትንሽ ሲሄድ ልየው» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ማስረጃው ሳልጠራው መጣ። በኦገስት ስልክ የማያነሱት ሰዎች ሳጥኑ ዝም ባለ በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ። ሲ ሎትፊ እየሮጠ መጥቶ ገመዱን በገዛ እጁ መልሶ ሰካው። የቁም ሳጥኑን በር ሳይዘጋ መስመሩ ጸጥ አለ። ዞሮ እኔን አየ፤ ከዚያ ማሽኖቹን አየ። ነቀለው። ደለንዳ መስመሩን አስነሳች። እሱ እኔ የምቀመጥበት የቲማቲም ሳጥን ላይ ተቀምጦ እዚያው ደወለላቸው። በፈረንሳይኛ ብዙ ተናገረ፤ ቀስ በቀስ ንግግሩ እያጠረ ሄደ፤ በመጨረሻ «ገባኝ፣ ገባኝ» ብቻ ይል ነበር።

ሲጨርስ እንዲህ አለን፤ «መስመሩ ተሽጧል። ወቅቱ ሲያልቅ ይነሳል። ገዥው ማሽኖቹ እስከ መጨረሻው ቀን የሠሩበትን ሰዓት ማየት ስለሚፈልግ ሳጥኑ ይመለስ አሉ። የመቆሙ ነገር ከእንግዲህ አያስጨንቅህ አሉኝ።» ስልኩን ኪሱ እየከተተ፣ «ለመስተንግዶውም አመስግነውኛል» አለ።

ደለንዳ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስለ እኔ የጻፉትን ያስተካክሉታል?» አለችው።

«ማን ሊያነበው ደለንዳ? የመስመሩ መዘጋት ምክንያት ተብሎ የተያዘው እኮ እሱ ነው። እሱን ካወጣሁ በቦታው ምን ላስገባ?»

«እውነቱን።»

የመኪናውን ቁልፍ እጁ ላይ ሲያገላብጥ ቆየና ሄደ። ክፉ ሰው ነው አልልህም፤ የእሱም ወንበር ከመስመሩ ጋር ነው የሚነሳው።

አሁን ገመዱ ተመልሶ ተሰክቷል። መስመሩ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። እያንዳንዱ መቆም በልጅህ ስም ይመዘገባል። የእንግዳው ጥያቄ ቀስ እንዲል ለማድረግ የመከፋፈያው የይለፍ ቃል ያስፈልጋል፤ እሱ ያለው ባሕር ማዶ ነው። ደለንዳ ጠየቀቻቸው፤ አልመለሱላትም። እኔም ያገኘሁትን ሁሉ በጥሩ ፈረንሳይኛ ጽፌ፣ የሰማሁትን ግልባጭ አያይዤ ለባለቤቶቹ ላክሁ። መልስ አልመጣም፤ ይመጣል ብዬም አልጠብቅም። ቆርባ ያለው ፋብሪካ ሊቀጥራት ፈልጎ ነበር፤ አሁን እንደውልልሻለን ይሏታል። ስሟ ከእሷ ቀድሞ እዚያ ደርሷል። ሞንጂያና ጓደኞቿ ለሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚሠሩ ጠየቅኋቸው፤ ወደ ቆርቆሯቸው ተመለሱ። ገበሬዎቹ ከወዲሁ በቲማቲሙ ማሳ ሌላ ነገር ስለመዝራት ያወራሉ፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቁትም።

እንግዲህ ይህን የምጽፍልህ አንድ ነገር እንድታውቅ ነው፤ ልጅህ ምንም አላበላሸችም። የእንግዳው ገመድ የሚሰካበትን ትክክለኛ ቦታ ገና በጸደይ ያወቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ይህን ማንም በጽሑፍ አይሰጥህም፤ ቤሺርም ደውሎ አይነግርህም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አስቀምጠው።

ባለፈው ወደ ማዛራ ትምጣ ብለሃል። መጥታ ምን ልትሠራ ነው፣ ዓሣ ልታጸዳ? ሂጂም አትሂጂም አላልኳትም። ጠየቅኋት፤ «መጀመሪያ የያዝኩትን ልጨርስ» አለችኝ። የያዘችው ምን መሰለህ? መስመሩን እንድትፈታ ታዝዛለች። የሚወስዱት ሰዎች መልሰው እንዲገጥሙት እያንዳንዱን ገመድ ምልክት አድርጊበት ብለዋታል። የገዛ ልጇን ልብስ አጥባ ጠቅልላ ለእንጀራ እናት እንደማስረከብ ነው። እምቢ በይ አልኳት። እምቢ ብትል ባለማወቅ በጣጥሰው እንደሚወስዱት ነገረችኝ፤ ያን ማየት አልችልም አለች። ይህን ስትል እኔን መሰለችኝ፤ ደስ ግን አላለኝም።

የሚያጽናና ነገር ልጽፍልህ ፈልጌ ብዕሬን ደጋግሜ አነሳሁ። የሌለ ነገር መጻፍ ስላልተማርኩ ተውኩት።

ናዚሃን ሳምልኝ፤ መለኪያዋን ከጎረቤት ታስመልስ በላት። ያሲን ለአባቱ እንዲታዘዝ፣ ከሁሉ በፊት ግን ለሚስቱ እንዲታዘዝ ንገረው። ለሮዛሊያ የላከችልኝ ልብስ በልኬ እንደሆነ አስታውቅልኝ፤ ትከሻው ላይ ብቻ ጠባብ ነው። ትንሿን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። ለካፒቴን ቤሺር ሰላምታ የለኝም፤ በስልክ ሲያገኝህ ግን የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብብለት።

ነገ መጀመሪያ የማደርገውን ነግሬህ ላብቃ። ከንጋት ሶላት በኋላ ለደለንዳ ቁርስ አቀርባለሁ፤ ስትበላም አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሱቅ ሲከፈት ነጭ የጨርቅ ፕላስተርና ውኃ የማያጠፋው ብዕር እገዛለሁ፤ የእሷ የእጅ ጽሑፍ አይነበብምና የምጽፈው እኔ ነኝ። ከመሙያዋ እንጀምራለን። የገመዱን ስም በአንዱ ጫፍ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ጫፍ እጽፋለሁ። ከዚያ በመሙያዋ በር ላይ፣ «ይህች ማሽን የምትመልሰው ቀስ ብላ ነው፤ ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ አታቅርቡላት» ብዬ እለጥፋለሁ። ወዴት እንደሚወስዷት ስላልነገሩን በዐረብኛም፣ በፈረንሳይኛም፣ በጣሊያንኛም እጽፈዋለሁ።

እህትህ ቤያ

መንዘል ተሚም፣ ኦገስት 26 ቀን 2019